የደበዘዘ ቀለም በብርሃን ይመለሳልን?

ማርክ ሮትኮ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሣላቸው አምስት ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1964 ፀሐይ በሚገባበት የመመገቢያ አዳራሽ ተሰቀሉ። ሊቶል ሬድ የተሰኘው ቀይ ቀለም የብርሃንን ኃይል አልቻለምና በአንዳንዱ ሸራ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ እስኪመስል ደበዘዘ፤ በ1979 ሥዕሎቹ ወደ መጋዘን ገቡ። በ2014 ሙዚየሙ ሸራውን ሳይነካ የጎደለውን ቀለም በፕሮጀክተር ብርሃን ሞላበት። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ብሩሽ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ የሠዓሊው እጅ ከጠጋኙ እጅ ጋር ተቀላቅሎ በቀረ ነበር። ነገር ግን የታየው ቀይ ግምት ነው። መነሻ የሆኑት የ1964 ፎቶግራፎች እንኳ ራሳቸው ደብዝዘው በኮምፒውተር የታረሙ ነበሩ። ፕሮጀክተሩም ቢሆን ብርሃን ነው፤ ጉዳቱም የሚደመር እንጂ የሚመለስ አይደለም። በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጠፋ ነበር፤ እኔ ብጠየቅ እኩለ ቀን ላይ ይጥፋ ባልሁ።