ከኪኒኑ በፊት ጉድጓዱ

በገጠሩ አካባቢ ሆዱን የቆረጠው ሰው ሕመሙ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አሜባ» ይላል። ቁርጠቱም፣ ተቅማጡም፣ የሆድ መነፋቱም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ ከሐኪም ቤት ወጥቶ የገበያና የመንደር ቃል ከሆነ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ስሙ በተስፋፋ መጠን ስለ በሽታው ያለው እውቀት አልተስፋፋም።

ይህን የገበሬ ማኅበር መሪዎች በሚገባ ያውቁታል። በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የጤና ጉዳይ ሲነሳ ከአባላት ዘንድ አስቀድሞ የሚሰማው የመድኃኒት ጥያቄ ነው። በአረም ወቅት ግማሽ ቀን ተጉዞ ጤና ጣቢያ የደረሰ ገበሬ ሰገራውን አስመርምሮ፣ «አሜባ» የሚል ወረቀት ይዞ፣ ኪኒኑን ገዝቶ ይመለሳል። በሁለት ወሩ ያው ሕመም ይነሳበታል። ዶሮ ተሽጦ የተገዛው መድኃኒት ለምን እንዳላዳነው የሚያስረዳው የለም። አንዳንዱ ደግሞ ምርመራውን ትቶ በቀጥታ ፍላጂል ይገዛል፤ ሁለት ቀን ውጦ ሲሻለው የቀረውን ለልጁ ያስቀምጣል። በዚህ ዓይነት የሚባክነው ገንዘብና የሥራ ቀን ቀላል አይደለም፤ ከዚህ የሚከፋው ግን የሕመሙ እውነተኛ ምክንያት ሳይታወቅ መቅረቱ ነው።

የነገሩ ሥር ያለው አሜባ ሁሉ አንድ ካለመሆኑ ላይ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት አሜባዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል የአንጀትን ግድግዳ እየበሳ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው፣ አልፎም በደም ተጉዞ ጉበት ላይ መግል የሚቋጥረው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ የሚባለው ነው። ኢንታሜባ ዲስፓር የሚባለው ደግሞ አንጀት ውስጥ ተቀምጦ የዕለት ምግቡን የሚፈልግ፣ በሰውየው ላይ የታወቀ ጉዳት የማያደርስ ነው። ችግሩ ሁለቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ መንታ ወንድማማቾች መመሳሰላቸው ነው። መርማሪው የቱንም ያህል ዓይኑ የሠላ ቢሆን፣ ቅርፊት የለበሰውን አሜባ በማየት ብቻ ይህ ገዳዩ ነው፣ ይህ የዋሁ ነው ብሎ መለየት አይቻለውም።

ሳይንስም ቢሆን ይህን ለመለየት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1875 በሩሲያ ፌዶር ሎሽ የተባለ ሐኪም አሜባን በተቅማጥ በሚሠቃይ በሽተኛ ሰገራ ውስጥ አግኝቶ ጽፏል፤ በሽተኛው ከአርካንጌልስክ የመጣ ወጣት ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ኤሚል ብሩምፕት የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ጎጂና የማይጎዳ ሁለት ዓይነት አሜባ አለ ብሎ ቢያስታውቅም፣ መልካቸው አንድ ስለሆነ ብዙዎች አልተቀበሉትም። የብሩምፕት ሐሳብ ትክክል መሆኑ ታውቆ ሁለቱ በይፋ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ለዚህም ያበቃው የዘረ መል ምርመራ ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ቁጥሩ ጨምሯል። ቀደም ሲል በሞስኮ ከተማ ፍሳሽ ውስጥ የታወቀው ኢንታሜባ ሞሽኮቭስኪ በሰውም አንጀት ውስጥ እንደሚገኝ ተረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በባንግላዴሽ አንድ አዲስ ዝርያ ተገኝቶ በአገሪቱ ስም ተሰይሟል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ የአገራችንን ማስረጃ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ ጥናት፣ በወንጂና በአቃቂ በተቅማጥ ታመው ለሕክምና የመጡ ሰዎች ሰገራ በዘረ መል ምርመራ እንዲታይ ተደርጎ ነበር። በማይክሮስኮፕ ምርመራ የአሜባ በሽታ አለባቸው ከተባሉት ሕሙማን ውስጥ ጎጂው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ አልተገኘም። በሌላ አነጋገር ሰዎቹ በእርግጥ ታመዋል፤ የታመሙት ግን ኪኒን በታዘዘበት በሽታ አይደለም። የጥናቱ ባለሙያዎች በአገራችን አሜባ ካለው በላይ እየተባለ መሆኑን በግልጽ አመልክተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ አሜባ ስለታየበት ብቻ ሕመም የሌለውን ሰው በመድኃኒት ማጣደፍ እንደማይገባ የሚገልጽ የባለሙያዎች ምክር አውጥቷል።

ከዚህ በመነሳት «እንግዲያው አሜባ የሚባል በሽታ የለም» ወደሚል መደምደሚያ መሄድ ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ በየዓመቱ በዓለም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይገድላል። በተለይ የጉበት መግል የሚይዘው በአብዛኛው ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶችን ነው። ትኩሳት ይዞት በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር የሚወጋው ሰው ተቅማጥ ባይኖረውም እንኳ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ ይኖርበታል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም እንዲሁ ነው። በሕፃናት ላይ የዚህ ዓይነቱ ተቅማጥ ዋና አምጪ አሜባ ሳይሆን ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። አባት ካስቀመጠው ፍላጂል ቆርሶ ለልጅ መስጠት ውድ ሰዓት ማባከን ነው። ወደ ጤና ኬላ እስኪደርስ ድረስ እናት ጡት ማጥባቷን ሳታቋርጥ፣ በኦ.አር.ኤስ. የተበጠበጠ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መስጠት ግን ሕይወት ያተርፋል።

አሁን ወደ መተላለፊያው እንምጣ፤ የገበሬ ማኅበር ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነውና። አሜባ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ሲስት የሚባል ቅርፊት ለብሶ ነው። ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ በእርጥብ አፈርና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ድርቀትና የፈላ ውኃ ግን ይገድሉታል። ለውኃ ማከሚያ በተለመደው መጠን የሚጨመረው ክሎሪን ሁልጊዜ አያጠፋውም። ይህን ቅርፊት የለበሰ አሜባ በብዛት የሚበትነው፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው፣ በተቅማጥ ወድቆ የተኛው በሽተኛ አይደለም። ከእርሱ የሚወጣው አሜባ አብዛኛው ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ከሰውነት ውጭ ቶሎ ይሞታል። ዋናው በታኝ ጤነኛ የሚመስለው፣ እርሻውን የሚያርሰው፣ ድግስ ላይ የሚያስተናግደው ሰው ነው። ጎጂው አሜባ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሕመም አይሰማቸውም፤ ሲስቱ ግን በየቀኑ በሚሊዮን እየተቆጠረ ከእነርሱ ይወጣል።

የዘረ መል ምርመራ እዚህም ላይ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ሂስቶሊቲካው ራሱ በውስጡ እንደ ከብት ምልክት እርስ በርሱ የሚለያይበት ማኅተም አለው። በዚህ ማኅተም እየተመሩ በደቡብ አፍሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተያዙ ሰዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ማኅተም ያለው አሜባ እንደሚሸከሙ አሳይቷል። ይህም ማለት አሜባው ከማዶ ሳይሆን ከዚያው ከጓዳ፣ ከውኃ መቅጃው፣ ካልታጠበ እጅ ይሰራጫል ማለት ነው። በባንግላዴሽ ደግሞ በአንድ በሽተኛ ጉበት ውስጥ የተገኘው አሜባና በዚያው ሰው አንጀት ውስጥ የነበረው ማኅተማቸው ሳይገጥም ቀርቷል። ከዚህ የተነሳ የትኛው ሂስቶሊቲካ የሰውን ሕይወት እስከ መቅጠፍ እንደሚደርስ የዘረ መል ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይመራመራሉ።

በገጠር ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥርጣሬ አለ፤ ይኸውም አሜባ ከከብት ይመጣል የሚለው ነው። ከብቶች የራሳቸው አሜባ አላቸው፤ ኢንታሜባ ቦቪስ ይባላል፤ ሰውን በሽታ ላይ የሚጥል ሆኖ አልታወቀም። ጎጂው አሜባ ዋና መኖሪያው የሰው አንጀት ነው። ስለዚህ ኩበት የምትጠፈጥፍ ሴት እጇን መታጠብ የሚገባት በሌሎች ብዙ ምክንያቶች እንጂ በዚህ አሜባ ምክንያት አይደለም። አሜባ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ የዋሁም ይሁን ጎጂው የተገኘበት፣ አንድ ነገር አረጋግጧል፤ የሌላ ሰው ዓይነ ምድር ወደ አፉ የሚደርስበት መንገድ ክፍት ነው። የምርመራው ወረቀት ስለ በሽታው ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ መንገድ ግን አይዋሽም።

ይህ መንገድ ደግሞ የድሃ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የዓለም ትርኢት በሚታይበት ወቅት፣ በሁለት ሆቴሎች ውስጥ የፍሳሽ ቧንቧና የመጠጥ ውኃ ቧንቧ በመገናኘታቸው ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በአሜባ ታመዋል፤ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉትም ሞተዋል። ንጣፍና መስተዋት ያላዳናቸውን ሰዎች ሊያድናቸው ይችል የነበረው ፍሳሽና የመጠጥ ውኃን መለየት ነበር።

ፍሳሽና የመጠጥ ውኃን መለየት በገጠር ቀበሌ ደረጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቆራጥ አስተባባሪ ግን ይጠይቃል። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጭም ሆነ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በታችኛው ወገን መቆፈር አለበት። ምንጩ ዙሪያውን ታጥሮ፣ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ከበላዩ ተቆፍሮለት፣ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ከሰው መቅጃ ወደ ታች መለየት ይኖርበታል። ከመጸዳጃው አጠገብ የተበሳ ጀሪካንና ሳሙና፣ ሳሙና ከታጣም አመድ ይቀመጥ። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ፍሳሽ በገባበት ወንዝ አይጠጣ። ሰንበቴና ሠርግ በሚደገስበት ቤት አስተናጋጆቹ እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ ዋንጫውም በንጹሕ ውኃ እንዲለቀለቅ ማድረግ የደጋሹ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው መሪም ኃላፊነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በብዙ ቦታ መጸዳጃ የሚቆፈረው ጎብኚ ይመጣል ሲባል ነው። ጎብኚው ከሄደ በኋላ ጉድጓዱ ክፍቱን ይቀራል፤ ወይም የማገዶ ማከማቻ ይሆናል፤ ሰዉም እንደ ልማዱ ወደ ጫካው ይመለሳል። በሪፖርት ላይ «100 በመቶ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ከዚህ ዓይነቱ ጉድጓድ ጋር ተደምሮ ከሆነ አንድም ሲስት አላገደም። ሊቆጠር የሚገባው ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በእግር የተደለደለው መጸዳጃ ነው። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ሲጠቀም አንዱ ባይጠቀም፣ የዚያ የአንዱ ጎርፍ ይዞት የሚወርደው ወደ ዘጠኙ ምንጭ ነው። ስለዚህ አረጋዊና አካለ ስንኩል ለሆኑ አባላት ጉድጓዱን በደቦ መቆፈር በጎ አድራጎት ሳይሆን ራስን መከላከል ነው።

መድኃኒትን በሚመለከት መሪዎች ሐኪም ይሁኑ አይባልም። አባላት ኪኒን በራሳቸው እንዳይገዙ፣ የታዘዘላቸውን ሳያቋርጡ እንዲጨርሱ፣ ሕመሙ ከተመለሰባቸውም ያንኑ ኪኒን ከመድገም ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሰው እንዲናገሩ መምከር ግን ይችላሉ። ፍላጂል አንጀት የበሳውን አሜባ ቢገድልም በአንጀት ውስጥ የቀረውን ሲስት በሚገባ አያጠራም፤ ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ማዘዙም የባለሙያ ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየስብሰባው የአጀንዳ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሊበተን ሲል፣ አምስት ደቂቃ ተሰጥቷቸው የሚናገሩበት ልማድ ቀርቶ በመጀመሪያ ሊደመጡ ይገባል።

ቁፋሮው የሚጀመርበት ጊዜም ይታሰብበት። መኸር ተሰብስቦ ጉልበት የሚገኝበት ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ለሥራው አመቺ ነው። ነገር ግን በበጋ ደረቅ ሆኖ የታየ ቦታ በነሐሴ ውኃ ሊያመነጭ ይችላል። ያን ጊዜ ጉድጓዱ ሞልቶ የያዘውን ሁሉ ወደ ምንጩ ይለቅቃል። የጉድጓዱ ወለል ክረምት ውኃ ከሚደርስበት ልክ በላይ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል መራቅ ስላለበት፣ ቦታ ከመመረጡ በፊት ክረምት ከክረምት ውኃው እስከ የት እንደሚወጣ የሚያውቁትን የአካባቢውን ሽማግሌዎች በቦታው አቁሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።