የመካሪው መምህር ሰዓት፦ ስለ ዕጩ መምህራን ልምምድ በሐራና አካባቢው

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ቴሶ በሚል ስሙ የታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ዕጩ መምህራን በትምህርት ቤት የሚለማመዱበትን ጊዜ አስፍቶታል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ ማስተማር የሚለመደው በማስተማር ነውና።

ሆኖም ልምምዱ በወልዲያ ከተማ ብቻ ቢወሰን ዓላማውን በግማሽ ይስታል። በሐራና በመርሳ ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ገበያና አጨዳ ተማሪውን ከክፍል ሊያስቀሩት ይችላሉ። ዕጩው መምህር የቀሪዎችን ስም መመዝገብ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ያመለጣቸውን ትምህርት ማካካስ ነው። ይህንንም የሚማረው ከነባር መምህር ጎን ቆሞ ነው።

ነገር ግን መካሪው መምህር ሙሉ የክፍለ ጊዜ ጭነቱን እንደያዘ ምከር ሲባል፣ ምክሩ በመንገድ ላይ የሚጣል ቃል፣ ምዘናውም ቅጽ መሙላት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የምክሩ ሰዓት ከሳምንታዊ ጭነቱ ሊታሰብለት፣ አገልግሎቱም ለደረጃ ዕድገቱ ሊያዝለት ይገባል። የወልዲያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ቢስማሙ፣ ትምህርት ቤቱ ዕጩዎችን ከማስተናገድ አልፎ ራሱ አሠልጣኝ ይሆናል።