የቤት ሙያ፤ የእንጨት መደርደሪያን ቀለም ስለ መቀባት

በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል እንደ መደርደሪያ ብዙ አደራ የሚሸከም ጥቂት ነው። የአባት ዳዊት፣ የልጆች ደብተር፣ የእናት ሲኒና ብርጭቆ የሚያርፉት በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ መደርደሪያን ቀለም መቀባት ለዓይን ማማር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ እንጨቱን ከእርጥበትና ከጢስ ይጠብቃል፤ ለመወልወልም ያመቻል። ዳሩ ግን በችኰላ የተቀባ መደርደሪያ ጨርሶ ካልተቀባው ይከፋል።

በአገራችን ብዙ ሰው ቤቱን የሚያድሰው አዲሱን ዓመት ለመቀበል በጳጉሜን ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዘመሮና በመላው የመንዝ ደጋ ያ ሳምንት ለዘይት ቀለም የተመቸ አይደለም። ክረምቱ ገና ጓዙን አላነሣም፤ እንጨቱም እርጥበት ጠጥቶ ሰንብቷል። በአንድ ቤት መደርደሪያው እንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው በሰማያዊ ቀለም ተቀባ፤ በዋዜማውም መጻሕፍቱ ተመልሰው ተደረደሩበት። ለመስቀል የቤቱ ጌታ ከአያቱ የወረሰውን ዳዊት ሊያነሣ ቢል የገበታው ቆዳ ከሳንቃው ጋር ተጣብቆ ተላጠ። ቀለሙን ፍቆ እንደ ገና መቀባት ይቻላል፤ የተላጠውን ቆዳ ግን እንደ ነበረ የሚመልሰው የለም።

ምክንያቱን ማወቅ ይገባል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ማቅጠኛው በመትነኑ ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ብርድና እርጥበት ይህን ሥራ ያዘገያሉ። ቀለሙም ወፍሮ ከተቀባ ላዩ ቆዳ ያበጅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላም ይጨማደዳል። በእጅ ሲነካ የማይለጠፍ ቀለም ደርቋል ይባል እንጂ ገና ክብደት የሚሸከም አይደለም።

እንግዲህ አስቀድሞ እንጨቱን ማዘጋጀት ነው። የቁም ጸሓፊ ብራናውን ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ካልጨረሰ ቀለም አያሳርፍበትም፤ የመደርደሪያም ሥራ እንዲሁ ነው። በቅርብ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ፣ ሳንቃው በጥላ ውስጥ በሚገባ ሳይደርቅ አይቀባ። ጽድ ከሆነ ሙጫ የሚያወጣውን ጉጥ መጥረግ ያስፈልጋል። የኩበት ጢስ የጠገበ አሮጌ መደርደሪያ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ይድረቅ፤ ቀለም በጥቀርሻና በቅባት ላይ አይዝምና። ከዚያ በኋላ በ80 ቍጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በ150 ቍጥር፣ በሳንቃው ርዝመት አቅጣጫ እንጂ በአግድም ሳይሆን ይፈግፈግ። ስንጥቁና የምስማሩ ቀዳዳ በስቱኮ ይሞላ፤ አቧራውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ሁለተኛው መሠረቱ ነው። የጥንት ሠዓልያን እንጨቱን በነጭ ልስን ሳያለብሱ ሥዕል አይጀምሩም ነበር። በ15ኛው ምዕት ዓመት፣ ደብረ ብርሃንን በመሠረቱት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን ሥዕሉን የሣለው እንዲህ በተዘጋጀ ገበታ ላይ ነው። እኛም ለእንጨት የሚሆን የመሠረት ቀለም እንቀባለን፤ ይህ ካልተገኘ ከራሱ ከቀለሙ 10 እጅ ወስደን፣ ነጋዴዎች አኳራጅ በሚሉት የቀለም ማቅጠኛ 1 እጅ አቅጥነን እንጨቱን እናጠጣዋለን።

ሦስተኛው አቀባቡ ነው። ቡሩሹ እስከ ሲሶው ብቻ ይነከር፤ ትርፉም በቆርቆሮው አፍ ይራገፍ። አስቀድሞ የሳንቃው ሥር፣ ቀጥሎ ጠርዙ፣ በመጨረሻ ላዩ ይቀባ። ቀለሙ ከተዳረሰ በኋላ ቡሩሹን ከዳር እስከ ዳር በቀላሉ አንድ ጊዜ አሳልፎ መተው ነው፤ መድረቅ የጀመረውን ቀለም መልሶ የሚነካካ ሰው የቡሩሹን መስመር ለዘለዓለም ይተውበታል። አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሁለት ቀጭን ቅብ ይሻላል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በብርድ ጊዜ ሁለት ቀን ይቈይ፤ ከዚያም በ220 ቍጥር ወረቀት ጥቂት ዳስሶ አቧራውን ጠርጎ ሁለተኛውን መቀባት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለመንዝ የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ፣ የክረምቱ እርጥበት ከወጣ በኋላና የበልጉ ዝናም ሳይገባ ነው። ደጋው 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ሥራው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተጀምሮ ቢዘገይ በ7 ሰዓት ይፈጸም፤ የማታው ብርድ ሳይደርስ ላዩ እንዲይዝ ነው። በቀጥታ ፀሐይ ላይ አይቀባ፤ ያኵረፈርፈዋልና። ነፋስ አቧራ በሚያነሣበት ደጅም አይሁን፤ በሩና መስኮቱ በተከፈተ፣ እሳት በሌለበት ክፍል ይሁን። የማቅጠኛው ተን በእሳት ይያያዛልና ከምድጃ መራቅ ግድ ነው። ዘይት የነካው ጨርቅም ተከምሮ ቢቀመጥ በራሱ ሙቀት ሊነድ ስለሚችል በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ሕፃናት ያሉበት ቤት አንድ ነገር ይጨምር። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ ብናኙም የልጆችን አእምሮ ይጐዳል። በአገራችን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳያልፍ ወስኗል። ስለዚህ አዲስ ቀለም ስንገዛ እርሳስ የሌለበት መሆኑን በቆርቆሮው ላይ እንመልከት፤ አሮጌውንም በደረቁ አንፈግፍግ፤ በውኃ አርሰን፣ ልጆችን አርቀን እናንሣው።

ከመጨረሻው ቅብ በኋላ መደርደሪያው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ባዶውን ይቁም። ከዚያም አንድ ብጣሽ ወረቀት በላዩ ተደርጎ፣ በወረቀቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ይደር። ሲነጋ ወረቀቱ ያለ ምንም ድምፅ ከተነሣ ዕቃው ይመለስ፤ ጥቂት እንኳ ከያዘ ሌላ ሳምንት ይጠበቅ። ይህን ፈተና ልጆቻችሁ ያድርጉት፤ በየጧቱ ወረቀቱን እያነሡ ይመልከቱ። መጽሐፉም በቦታው የሚቀመጠው እነርሱ ደርቋል ብለው በመሰከሩ ጊዜ ይሁን።