በሰዓት እላፊ የገባው ገና

ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ የነቢያት ጾም የመጨረሻው ቀን። ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምሬ ሳቁላላ ውያለሁ። ከዶሮዋ ጋር ግን አልተስማማንም፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና አሥራ ሁለት ብልት የምታወጣውን እኔ በቢላዋም በመቀስም ታግዬ ዘጠኝ ላይ ደከመኝ። ስልኬ የጮኸው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የምኖርበት የአሌክሳንድሪያ ከተማ መልእክት ነበር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት እንዳትወጡ ይላል።

ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ውስጥ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ በሁከተኞች ተወሮ ውሏል። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ሰዓት እላፊ አወጁ፤ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያም ተከተሉ። አሜሪካኖቹ ያችን ቀን በራሳቸው ምክንያት ያስታውሷታል። ለእኛ ግን የገና ዋዜማ ነበረች። እኔ በምሳለምበት ደብር ኮሮናው አስቀድሞ ነገሩን አሳንሶት ነበር፤ ለማኅሌቱ የሚገባው የተመዘገበ ጥቂት ሰው ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ያችም ቀረች። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ የኖሩ፣ ከበላዬ ፎቅ ያሉ አንድ አባት ደውለው፣ «ሰዓት እላፊን ሸሽቼ ውቅያኖስ ባቋርጥ፣ ዞሮ ዞሮ ለገና አገኘኝ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋው ግን ቤቱ ጭር አለብኝ።

ያን ሌሊት ብቻችንን አልነበርንም። ጣሊያን ያሉት የእኛ ሰዎች በዚያው ቀን «ቀይ ቀጠና» ውስጥ ነበሩ። እንግሊዝ ሦስተኛውን አገር አቀፍ የእንቅስቃሴ ገደብ ከጀመረች ገና መጀመሪያዋ ነበር። ሊባኖስ ደግሞ አገሩን ሁሉ የዘጋችው በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ስለ ቤሩት እመለስበታለሁ፤ ስደት ስንል የዋሽንግተን ዙሪያዎቹን አሌክሳንድሪያንና ሲልቨር ስፕሪንግን ብቻ እያሰብን ማውራት ልማድ ሆኖብናል።

የዋሽንግተንና ያደግሁባት የላሊበላ የሰዓት ልዩነት በገና ሰሞን 8 ሰዓት ነው። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ካህናቱ በቤተ ማርያም ግቢ፣ እኩሉ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ እኩሉ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ይላሉ። የላዮቹ መላእክት፣ የታችኞቹ እረኞች ናቸው፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ይቀበላል። ልጅ ሆኜ ከጫፉ ላይ ተንጠልጥዬ እመለከተው ነበር፤ ከኋላ አንዷ አክስቴ ነጠላዬን ጨምድዳ ትይዘኝ ነበር። አሁን ግን ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ በአንድ እጄ ዳቦ፣ በሌላ እጄ የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ ነው። አንዴ ድምፁን ቀነስኩ፣ አንዴ ወደ ዜናው ሄጄ ተመለስኩ። ልክ እንደ ኳስ ጨዋታ። አፈርኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ያሳፈረኝ ርቀቱ አልነበረም። ላሊበላ ባለችበት በላስታ የተወለደ ሰው ከርቀት ተነሥቶ ስለተሠራ ነገር ያውቃል። ኢየሩሳሌም በ1187 እ.ኤ.አ. በሳላዲን እጅ ገባች። በአባቶች ትውፊት፣ የኢየሩሳሌም መንገድ ለምእመኑ አድካሚና አስጊ ስለሆነ ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ ሁለተኛዪቱን ኢየሩሳሌም በሮሃ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ አነፀ። ለዚህ ነው እዚያ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፣ ጎልጎታና ቤተ ልሔም የሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት ያሉን። የታሪክ ሊቃውንት ስለየሕንፃው ዘመን ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። ሕዝቡ ለ800 ዓመታት የያዘው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ላሊበላ ኢየሩሳሌም መሄድ ላልቻለ ሰው የተሠራ ከተማ ነው። መሄድ ያልቻለው ሰው ደግሞ ተቀምጦ የኢየሩሳሌምን ሥዕል አላየም፤ መሮ ይዞ ወደ ድንጋዩ ወረደ። እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው። ገና በሩቅ አገር ሊከበር ይችላል፤ ግን ተሠርቶ እንጂ ታይቶ አይሆንም።

ከቤዛ ኩሉ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከሳምንት በፊት ተጣልተን ነበር ማለት ይቻላል። «ሰው ይበዛል፣ አትሂጂ፣ ከሄድሽም ማስክ አድርጊ» እያልኩ የጤና ሚኒስቴር ሆኜባት ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ካበቃ ወራት አልፈዋል፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ ተሳላሚውም መጥቷል። ሄዳለች። ስትመልስልኝ እንዲህ ነበር ያለችው፦ «እኔማ ምን እሆናለሁ ልጄ። እናንተ አገር ነው እንጂ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል የሚባለው። አንተው ራስህን ጠብቅልኝ፤ ደግሞ ዛሬ ወታደር ወጣ ይላሉ።»

ዝም አልኩ። በዚያ ሳምንት አሜሪካ ውስጥ በኮሮና የሞተው ሰው ከ350,000 በላይ ሆኖ ነበር። ኢትዮጵያ በይፋ የመዘገበችው 2,000 አልሞላም፤ ምርመራው ጥቂት ስለነበር እውነተኛው ቁጥር ከዚያ መብለጡ አይቀርም፤ ቢሆንም እናቴ አልተሳሳተችም። ከትግራይ ጦርነት መጀመር ሁለት ወር አልፎ ነበር፤ እሷ ደጅ ላይ ጦርነት አለ፣ የእሷ ጭንቀት ግን እኔ ነኝ። እኛ ስደተኞች ናፍቆትን የራሳችን ብቻ ንብረት አድርገን ይዘነዋል። ዘፈኑም ግጥሙም የሄደውን ነው የሚያስለቅሰው። የቀረችው እናት ዶሮ ስታወጣ ለማይመጣው ልጅ እንቁላል ቆጥራ እንደምታስቀምጥ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ቀጥላ ስለ እንግዶቹ ነገረችኝ። ላሊበላን ለማታውቁት፦ በገና ሰሞን ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም ተሳላሚው በሶና ቆሎውን ቋጥሮ ይመጣል፤ ቀናት ሙሉ በእግሩ የሚጓዝ አለ። የከተማው ሰው ይህን እንግዳ እግሩን አጥቦ ነው የሚቀበለው። አቧራ የጠጣ፣ የተሰነጣጠቀ፣ የማያውቁት ሰው እግር በሳፋ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ ያለው ይቀርብለታል። እናቴም እንደ ወትሮዋ ሳፋዋን አውጥታ እንዳጠበች ነገረችኝ። እኔ የዚያን ዓመት እጄን በሳኒታይዘር ስፈትግ ነው የከረምኩት። ዓለም ሁሉ እጁን ይታጠብ ነበር፤ ትክክልም ነበር፣ ሐኪሞቹም ያዘዙት ይህንኑ ነው። ብቻ በእኛ ቋንቋ «እጄን ታጥቤያለሁ» ማለት ሌላም ትርጉም አለው፤ ያም ትርጉም በዚያ ዓመት አልጠፋብንም። ስንት ጎረቤት ሳይጠየቅ ቀረ።

ሁሉም ግን እጁን አልታጠበም። እኛ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ነርስ አለች፤ የወሎ ልጅ። ከገናው በፊት አባቷ አረፉ። መርዶ በእኛ ወግ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን የሚሰበሰበው ማን ነው? አራት ሰዎች በአራት መኪና መጥተው መኪና ማቆሚያው ላይ ተራርቀው ቆሙ። አንዷ ማስኳን አድርጋ በሩን አንኳኳች፤ ሌሎቹ ከታች ሆነው ዋይ አሉላት። መስኮቱን ከፍታ ወደ እነሱ እያየች አለቀሰች። አቅፎ የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። ለሳምንት ያህል ግን በሯ ላይ ምግብ አልተቋረጠም። አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ምስር፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ዶሮ ወጥ በየክዳኑ። የእኔ ዘጠኝ ብልት ዶሮም ገባች። አንኳኩቶ፣ አስቀምጦ፣ ስድስት ጫማ ወደ ኋላ ማለት ነው። በዚያ ሌሊት እዚህ አገር ገና ተሠርቶ ከነበረ የተሠራው እሷ በር ላይ ነው እንጂ እኔ ሶፋ ላይ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ያን ዓመት በርበሬው ራሱ ችግር ነበር። የእኛ በርበሬና ሽሮ በሱቅ አይመጣም፤ «ሰው ሲመጣ» ነው የሚመጣው። ሰው መምጣት ሲያቆም የእናቶቻችን ቅመም በየጓዳው ተቋጥሮ ከረመ። ከባልትና ቤት የገዛሁት በርበሬ ቀለሙ ያምራል፤ ስለ ጣዕሙ ባልናገር ይሻላል።

ወደ ቤሩት ልመለስ። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ እየጣሏቸው ሄዱ። ደመወዛቸው ያልተከፈለ፣ ፓስፖርታቸው ያልተመለሰ ብዙዎች ነበሩ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የቤሩት ወደብ ፈነዳ። በዚህ ሁሉ መሐል «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለው፣ ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያት ያቋቋሙት ማኅበር፣ ምግብ ያከፋፍል፣ የቤት ኪራይ ይሸፍን፣ ወደ አገር መመለስ የፈለጉትን ይረዳ ነበር። እነዚህ ሴቶች ደሞዝ የሌላቸው፣ አንዳንዶቹም ወረቀት የሌላቸው ናቸው። ከእኛ መካከል ዶላር በእጁ እየያዘ «ጊዜው ከባድ ነው» ያለ ሰው ካለ፣ እኔም አንዱ ነኝና፣ ይህን ያስብ።

በዓመቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። የሩቅ አገር ሰው መሆን የላስታዎቹ ዕጣ ሆነ። እኔ ዓለምን ሁሉ በስልኬ አገኛለሁ፤ የእናቴን ድምፅ ግን ለወራት አልሰማሁም። ከተማዋ ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች ተባለ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደገና ተያዘች፤ ገና ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ደግሞ ተለቀቀች። ወሬ የምንሰማው በሰው በሰው ነበር፤ «እገሌ ወጥቷል፣ እናትህን አይቷታል» ይሉኛል፣ ያየበትን ቀን ስጠይቅ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

መንግሥት በዚያ ዓመት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገሩ እንዲገባ ጥሪ አቅርቦ ነበር። ኦሚክሮን ዓለምን እያዳረሰ ነው፤ የሄደ ሄደ፣ የቀረ ቀረ፤ በዚያ ላይ የተባባልነው ብዙ ነው፤ አልደግመውም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በጦርነትና በወረርሽኝ መካከል ተሳላሚው የ2014ን ገና ላሊበላ ላይ አክብሯል። የቱሪስቱ አውሮፕላን ከቆመ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ሆኖት ነበር። አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ባለ ፔንሲዮኑ፣ የጸናጽልና የመስቀል ሻጩ ባዶ እጁን ነበር። ቢሆንም እንግዳ መጥቷልና ሳፋው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ኮሮናው ተረሳ፤ ማስኩን እንኳ የት እንዳስቀመጥነው አናውቅም። የላስታ ሰላም ግን አልተመለሰም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ መንገዱ በተዘጋ፣ ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቁጥር ያ የ2014 ዝምታ ይመለስብኛል። ፈረንጅ ጎብኚ ሲጠፋ የከተማው ቤት ሁሉ ይጎድላል። እኛ ከሩቅ ሆነን የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ እንለጥፋለን፤ በሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ» እንጽፋለን። ፎቶው ያምራል። የባለ በቅሎውን ልጆች ግን አያበላም።

ስለዚህ ለዘንድሮው ገና የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። የበግ ብር ወደ ቤት ስትልኩ እንግዳ ለምታሳድረው ጎረቤትም ጨምሩ፤ ገብሱም ባቄላውም ውኃውም በዋጋ ነው። እናታችሁ ጋ ስትደውሉ ስለራሳችሁ ድካም ከመናገራችሁ በፊት የእሷን ጠይቁ፤ ጠይቃችሁም እስክትጨርስ አድምጡ። ሕንፃችሁ ውስጥ ደግሞ አዲስ የመጣ፣ ወይ የሌሊት ፈረቃ የገባ፣ ወይ ኀዘን ላይ ያለ ሰው ካለ ስሙን ከዛሬ ጀምራችሁ እወቁ።

በገና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ላሊበላ ቤዛ ኩሉ ሲባል ቤሩት ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ለንደን ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው። ቴሌቪዥኑን ክፈቱ፤ እኔም እከፍታለሁ። ድስቱን ግን አስቀድማችሁ ጣዱ፣ ለጎረቤት የሚተርፍም ይሁን።