ፓስታ በእንጀራ፤ የነውሩ ባለቤት ማን ነው?

አስቀድሜ ልናገረውና ከዚያ በኋላ የሚቆጣኝ ይቆጣኝ፦ በጣልያን ምግብ ቤት ከወዳጆቹ ጋር የተቀመጠ ሐበሻ «ከፓስታው ጋር እንጀራ ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር አልሠራም። ነውር ካለ፣ ያለው ጥያቄውን ሰምቶ አንገቱን በሚደፋው ጓደኛው ዘንድ ነው። ይህን ስል የምግብ ዐዋቂነት ማዕረግ ይሰጠኝ ብዬ አይደለም። ላሊበላ ላይ ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ቀን የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ የራሴን ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ነገር ግን በዚህች በትንሿ ጉዳይ ብዙ የተማረ ሰው ሲሸነፍ ስላየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ጥር፣ የገናው ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። እዚያ ያገኘኋቸው የላስታ ልጆች ተጠራርተው አምስት ሆነን እራት ልንበላ ወደ አንድ የጣልያን ምግብ ቤት ሄድን። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ክርክሬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለምና። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ አንገተ ረዥም ብርጭቆ፣ በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሜኑ… ከሽፋን እስከ ሽፋን አንዲት የአማርኛ ፊደል የሌለችበት። (አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ለአዲስ አበቤ የሚሸጥ ቤት ለአማርኛ ግማሽ ገጽ መንፈጉ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ ይለፈኝ።)

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠን፣ አያ እያልን የምንጠራው ወዳጃችን ነው። ሥራው አስጎብኚነት ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ጊዮርጊስን ለፈረንጅ ሲያስረዳ ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ ከእንግሊዝኛው ሌላ ጣልያንኛውንም ያቀላጥፈዋል። ስፓጌቲው ቀርቦ ሁላችንም ሹካ ስናነሣ እርሱ ግን አስተናጋጇን በትሕትና «የኔ እኅት፣ ካላችሁ አንድ እንጀራ ብታመጪልኝ» አላት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እንጀራ የለንም።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ምግብ ቤት የፈለገውን የመሥራት፣ ያልፈለገውን ያለመሥራት መብት አለው፤ ሽሮ ቤት ገብቶ ላዛኛ የሚያዝዝ የለም። ከ«የለንም» በኋላ የመጣው ግን ፈገግታ ነው፤ ለእንግዳ የሚሰጠው ዓይነት ሳይሆን ወደ ባልደረባ ዞር ተብሎ የሚጣለው ዓይነት። ብዙም ሳይቆይ አጠገባችን የተቀመጠ ፈረንጅ ለፓስታው ካቻፕ ጠየቀ። አንድ ጣልያናዊ ወጥ ቤት ቢሰማው ድስቱን የሚደፋበት ጥያቄ ነው። ሆኖም ካቻፑ በሩጫ፣ በትሪ ላይ ሆኖ፣ ያለ አንዳች መሳለቅ መጣ። ጋባዣችን ደግሞ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ አዲስ አበባ የኖረው የእኛው የአገር ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኧረ አያ፣ አታሰድበን!» አለ።

ማን ነው የሚሰድበን?

ለዚህ «ሥልጡን» ወዳጄ የምለው አለኝ። የምትፈራው ዳኛ የለም። ጣልያኖቹ ራሳቸው ዳኛ ሊሆኑህ አይችሉም። በኔፕልስ ከተማ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ድኻው ሕዝብ ማካሮኒውን ከጎዳና ገዝቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ በጣቱ አንጠልጥሎ ወደ አፉ ሲያወርድ የሚያሳዩ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ፤ በፖስታ ካርድ ታትመው ለጎብኚ ሳይቀር ይሸጡ ነበር። ቀዩ ስልስም ቢሆን የጥንት አይደለም። ቲማቲም ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ የተሻገረው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ሲሆን፣ ከፓስታ ጋር የተጋባውም ከብዙ ዘመን ማመንታት በኋላ ነው። ዛሬም ጣልያናዊው በቤቱ ሳህኑ ላይ የቀረውን ስልስ በቁራሽ ዳቦ ጠርጎ ይበላል፤ ለዚህም «ስካርፔታ» የሚል የቁልምጫ ስም አለው፤ ትንሿ ጫማ እንደ ማለት ነው። በዳቦ መጥረግ የቁልምጫ ስም ከወጣለት፣ በእንጀራ መጥረግ ስድብ የሚሆንበት ሕግ ከየት ተገኘ?

ሹካውስ? ቃሉን ከዐረብ ተዋስነው፣ ዕቃውን ከፈረንጅ። በአንድ ወቅት እንዲህ ብዬ ነበር፦

እጄን ከታጠብሁኝ፣ ምኑ ላይ ነው ነውሩ፤
ሹካው ከመጣበት ቢሄድ ወዳገሩ።

ወዳጆቼ «ቤቱስ ይመታል፤ ግን ወደ የትኛው አገሩ?» ብለው ሳቁ። ጥያቄያቸው ጥሩ ነው፤ ጣልያኖችም ሹካን ከቢዛንታይን ሰዎች እንደ ተማሩ ይነገራል።

ከተቃራኒው ጎራ ደግሞ አራተኛው ወዳጃችን አለ። መምህር ነው። «ጥፋቱ የእንጀራው አይደለም፤ ጥፋቱ መጀመሪያውኑ የጠላትን ምግብ መብላታችን ነው» አለ። ይህን ያለው ከላዛኛው ሁለት ጊዜ ጎርሶ ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ በፌስቡክ «ዛሬ ፓስታ አንበላም» ከሚሉት ወገን መሆኑን ዐውቃለሁ። ቀልድ ከሆነ አብሬው እስቃለሁ። ቁም ነገር ከሆነ ግን የላስታ ሰው ነኝና መልስ አለኝ።

እኛ ጣልያንን የተዋወቅነው በሳህን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ተደበደበ፤ በዚያው ሰሞን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማፈግፈጊያው መንገድ ወጣ ብለው ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ በስተ ሰሜናችን በዋግ የተነሡት አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ በአደባባይ እንዲታይ ተደረገ። እንዲህ ያለ ዕዳ በምግብ አይወራረድም። አንድ ቀን ፓስታ ባለመብላቱ እነዚያን አርበኞች ያከበረ የመሰለው ሰው፣ መታሰቢያውን እጅግ በረከሰ ዋጋ እየገዛ ነው። ወዳጄ መምህር ነው፤ ክፍል ውስጥ ገብቶ ስለ ደጃዝማቹ ለተማሪዎቹ ይንገራቸው። ከዚያ ወጥቶ የፈለገውን ይብላ።

ደግሞስ «የጠላት» የምንለውን ሁሉ ለቅመን ብናወጣ ምን ይተርፈናል? ፉርኖው፣ ማኪያቶው፣ ስልሱ፣ ፒያሳው፣ መርካቶው፣ ካዛንቺሱ… እኔ የምቆምበት ባንኮኒ ሳይቀር። ባንክ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያን ገንዘብ መንዛሪዎች አግዳሚ የመጣ ነው። ጠላትነቱን ትተን መጤውን ሁሉ እናባርር ካልን ደግሞ ሐበሻነታችን የሚምልበት በርበሬም አብሮ ይሄዳል፤ እርሱም እንደ ቲማቲሙ ከአሜሪካ ምድር የወጣ ነውና። ዶሮ ወጣችን አልጫ ሆና ታድራለች።

ስንዴው ግን ይቀራል። በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1927) አገራችንን የጎበኘው ሩስያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ዱረም የሚባለውና ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራ ስንዴ በደጋዎቻችን ላይ ያለውን የዝርያ ብዛት ልብ ብሎ መዝግቧል፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ዝርያ ማእከሎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። የስንዴው የመጀመሪያ መገኛ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በደጋ ገበሬ እጅ፣ ከጉም ጋርና ከውርጭ ጋር እየታገለ፣ ዘር ከዘር እየተመረጠለት የኖረው እዚህ ነው። የጣልያን ፋብሪካ በአገራችን ሊጥ መግፋት ከመጀመሩ በፊት የእኛ ገበሬ ይህን እህል ሲዘራ፣ ሲቆላ፣ ንፍሮ ሲያደርገው ኖሯል።

ሕዝቡ ግን ከሁለቱም ወዳጆቼ ቀድሞ ነገሩን ፈቶታል። የካቶሊክ አገር ምግብ ተቀበለ፤ ሥጋውንና ፎርማጆውን አነሣ፤ ስልሱን በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አቁላላ፤ ቃሪያ ጣል አደረገበት፤ ከሥሩም እንጀራ አነጠፈና የረቡዕና የዓርብ የጾም ምግብ አደረገው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፓስታን አጥምቀነዋል ብል ካህናቱ የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

አያ እንጀራ የጠየቀበት ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። እኔ ዐውቀዋለሁ፤ ጋባዣችን አያውቀውም።

ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ፣ ከተማዋ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ ከረመች። የባንክ መዘጋት ለእኔ ሥራ መፍታት ነበር፤ ለሌላው ግን ላቡን ጠብ አድርጎ ያስቀመጠውን ገንዘብ እያወቀ አለማግኘት ነው። በኮሮና ምክንያት ጎብኚ ከቀረ ዓመት አልፎት ስለ ነበር የአስጎብኚ ቤት ቀድሞውንም የተራቆተ ነው። የሰፈራችን ወፍጮ መብራት አጥቶ ቆመ፤ እህል ያለውም ዱቄት አጣ። አያ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለሚወጡ እግረኛ ጎብኚዎች ስንቅ ብሎ ገዝቶት የተረፈ ሁለት ካርቶን ፓስታ ነበረው። ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ። በጨው ውኃ፣ በማገዶ እየቀቀለ የጎረቤቱን ልጆች ጭምር ሲያበላ ሰነበተ። እኔም ከዚያ ድስት በልቻለሁ። ከልጆቹ ትንሿ፣ ሳህኑ በቀረበ ቁጥር፣ ወደ ሌማቱ እያየች «እንጀራውስ?» ትል ነበር። በየቀኑ። የሚመልስላት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አያ ፓስታ ብቻውን ሲቀርብለት አይወርድለትም።

ይህን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አላነሣሁትም፤ ዛሬ የምጽፈውም እርሱ ስለ ፈቀደልኝ ነው። ያላነሣሁትም ሰው እንጀራ ለመጠየቅ የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት ብዬ ስለማላምን ነው። ታሪኩ ባይኖርስ? ስለሚጥመው ብቻ ቢጠይቅስ? መልሴ ያው ነው። ጣመኝ ማለት በቂ ምክንያት ነው፤ ካቻፕ የጠየቀውን ሰው ማንም ለምን አላለውም።

ሒሳቡ መጣ። የባንክ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ከግርጌ ነው። አምስት ሰው፣ አንድ ጠርሙስ ወይን፣ ከዘጠኝ ሺህ ብር በላይ፤ በውስጡ ዐሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ ዐሥራ አምስት በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ያ ፈገግታ በዐሥሩ በመቶ ውስጥ ተቆጥሯል ወይስ በነጻ ነው የተሰጠን? አስተናጋጇን ግን አልወቅስም። ማታ ከሥራ ስትወጣ እርሷም የምትበላው ፓስታ በእንጀራ ሊሆን ይችላል። በምን መሳቅ እንዳለባት ያስተማሯት ደንበኞቿ ናቸው፤ «አታሰድበን» የምንለው እኛ።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልደከምሁ። በእኛም ከተማ ስፓጌቲ በብዙ ሆቴሎች ሜኑ ላይ የገባው በርበሬ ለማይችል ጎብኚ ተብሎ ነው። ለዓመታት ገበታው ለፈረንጅ ተሰናዳ፤ ዋጋውም በፈረንጅ ኪስ ተለካ። የአገሩ ሰው በዚያ አዳራሽ የሚታየው እንግዳ ይዞ የመጣ አስጎብኚ ወይም ሾፌር ሲሆን ነው። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ጦርነት ተከተለ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣና ተመልሶ ሊመጣ የነበረውንም ጎብኚ አስቀረው። ላሊበላ የሚኖር ሰውም እራት እንደሚበላ የታሰበው ወንበሩ ባዶ ከቀረ በኋላ ነው። ይሁን፤ መታሰቡ አይከፋም። እንግዲህ ካሰባችሁት አይቀር፣ የተከበራችሁ ባለሆቴሎች፣ ሜኑውን በአማርኛም ጻፉት። ፓስታ በእንጀራን ከነዋጋው፣ ከስፓጌቲው አጠገብ፣ በእኩል ፊደል አስገቡት፤ ለሾፌር በጓሮ በር የሚወጣ ምግብ አታድርጉት። የምንከፍለውን ዋጋ ከደመወዛችን ጋር አስተያዩት፤ የማናችንም ደመወዝ በዶላር አይደለም፤ እኔ ስለምከፍለው ዐውቀዋለሁ። በጾም ቀንም ፎርማጆ ይጨመር ወይ እያላችሁ አትጠይቁን።

እስከዚያው ከቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት አሉ። ሜኑ የላቸውም፤ የጠረጴዛ ልብስ የላቸውም። ፓስታ ብላችሁ ካዘዛችሁ የሚጠይቋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንጀራው አንድ ይበቃል ወይስ ልድገማችሁ?»