“ሶብር አድርግ” ማለት ብቻ አይበቃም



ግቢ ውስጥ ነገር የከበደው ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል “ሶብር አድርግ” የሚል ነው። ፈተና ያቃተው፣ ከቤት የሚላክለት ገንዘብ የተቋረጠበት፣ ማየት ሳይችል በታተመ ሃንዳውት የሚማረው ወንድማችን፣ በክራንች ሦስተኛ ፎቅ የምትወጣው እህታችን፣ ሁሉም ይህንኑ ይባላሉ። ቃሉ ትክክል ነው። ግን ሶብር ምንድን ነው? እጅን አጣምሮ መቀመጥ ነው ወይስ ሥራ? ደግሞስ የማን ሥራ ነው? ለዚህ ከሩቅ አገር፣ እኛ ዘንድ ብዙም ከማይታወቅ ስፖርት አንድ ምሳሌ እናንሳ።

ጂም አቦት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወለድ ቀኝ እጁ መዳፍ አልነበረውም። ያደገው አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ ፍሊንት ከተማ ነው። የወደደው ስፖርት ደግሞ ቤዝቦል ሆነ፤ በአንድ እጅ የሚወረወርበት፣ በሌላው የቆዳ ጓንት ተጠልቆ የሚቀለብበት ጨዋታ። ልጁ ኳሷን ከግድግዳ ጋር እያላተመ ለብቻው ተለማመደ። ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ያሳርፋል፣ በግራው ይወረውራል፣ ወዲያው ግራ እጁን ጓንቱ ውስጥ ይከታል። ከቀለበ በኋላ ጓንቱን በክንዱ ደረቱ ላይ አጣብቆ ኳሷን ያወጣና እንደገና ይወረውራል። ተጋጣሚዎቹ ሊፈትኑት ሆን ብለው ኳሷን በቀስታ ወደ እርሱ ይገፉበት ነበር። እርሱ ግን እያነሳ በመወርወር ከጨዋታ ያስወጣቸው ነበር።

በ1985 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የቶሮንቶ ፕሮፌሽናል ቡድን መረጠው። እርሱ ግን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለዩኒቨርሲቲው መጫወትን መረጠ። በሦስት ዓመት 26 ጨዋታ አሸንፎ በ8ቱ ተሸነፈ። በአሜሪካ ለምርጥ አማተር ስፖርተኛ የሚሰጠውን የ1987 የሱሊቫን ሽልማት ሲያገኝ ከቤዝቦል ተጫዋቾች የመጀመሪያው ነበር። በ1993 ለኒውዮርክ ያንኪስ ሲጫወት ብዙዎች በዕድሜያቸው አንዴም የማያገኙትን “ኖ ሂተር” የሚባለውን ድል አገኘ። በ1996 ደግሞ 2 ብቻ አሸንፎ 18 ተሸነፈ። ትዕግሥት ሁልጊዜ ዋንጫ ያመጣል ብለን አንዋሽም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ የልጁ ትዕግሥት በየቀኑ የሚደጋገም ልምምድ ነበር። ሁለተኛ፣ ብቻውን ቢሆን ግድግዳውን አልፎ ሜዳ አይደርስም ነበር። ቤት ቁጭ በል ያላለው ቤተሰብ፣ ኳሱን እጁ ላይ ያስቀመጠለት አሠልጣኝ፣ በሩን የከፈተለት ዩኒቨርሲቲ ነበረው።

ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዐይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) የሱረቱ ዐበሳ መውረድ ምክንያት ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እኚህን ሰው አጽናንተው ጥግ አላስቀመጧቸውም። ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር ሙአዚን አደረጓቸው፤ ከመዲና ሲወጡም ከተማይቱን በእርሳቸው ተክተው የሄዱባቸው ጊዜያት አሉ። ሱረቱል ዐስርም ስለ ሶብር ስትናገር እርስ በርስ አደራ መባባልን ነው የምታስተምረን። ስለዚህ ሶብር በል የሚለውም ድርሻ አለበት።

“እነርሱን ማስቸገር አይሆንም፣ ይረፉ” የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሐሳባቸው ከእዝነት የመጣ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ሰውን ሳይጠይቁ ስለ እርሱ መወሰን እዝነት አይደለም። ይችል እንደሆነ መልሱ ያለው እርሱ ዘንድ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሴሚስተር ጀመዓችን የሚከተሉትን እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ማየት የምንችል ሃንዳውቶችን በስልካችን እያነበብን ቀድተን ለማያዩት እናድርስ። ሐላቃና ስብሰባ ምድር ቤት ይሁን። አዛን፣ ደርስና የኮሚቴ ኃላፊነት ሲከፋፈል አካል ጉዳተኛ ወንድሞችና እህቶች ስማቸው አብሮ ይነሳ። የስፖርት ፕሮግራም ሲወጣም በምን መንገድ መሳተፍ እንደሚፈልጉ እነርሱው ይጠየቁ።

ከዚያ በኋላ “ሶብር አድርግ” ስንል ቃላችን ክብደት ይኖረዋል። አላህ ከሚታገሱትና ከሚተጋገዙት ያድርገን። አሚን።