ቫይታሚን ያነሰው ማን ነው?

በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ ቫይታሚኖች ከተማራችሁ ወዲህ በክፍላችሁ ውስጥ ሕመምተኛው ሳይበዛ አልቀረም። የቤት ሥራውን ያልሠራ ሁሉ «ቫይታሚን ቢ አንሶኝ ነው» ይላል፤ ያረፈደውም እንዲሁ። የሚገርመው ግን በሒሳብ ሰዓት የጠፋው ቫይታሚን የዕረፍት ደወል ሲደወል ተመልሶ ባለቤቱን በኳስ ሜዳ ላይ ማሯሯጡ ነው።

ይህን ቀልድ አልጠላውም። የምጠላው በእውነተኛው ሕመምተኛ ላይ የሚሳቀውን ሳቅ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በድንጋይ የሚደናቀፈውን፣ በኩራዝ ብርሃን ደብተሩን ማንበብ የሚሳነውን ጓደኛችሁን «ዳፍንታም» ብላችሁ ትሰድቡታላችሁ። ዳፍንት ግን ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን ኤ ሲያንስ የሚመጣ የዓይን ሕመም ነው። ዓይን በደብዛዛ ብርሃን እንዲያይ የሚረዳውን ንጥረ ነገር የሚሠራው ከዚህ ቫይታሚን ነውና፣ እጥረቱ ችላ ከተባለ እስከ መታወር ያደርሳል። ያ ልጅ የሚያስፈልገው ወደ ጤና ጣቢያ አብሮት የሚሄድ ሰው ነው።

ምግቡም ሩቅ አይደለም፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ከተገኘም ጉበት ነው። ጎመኑን ጥቂት ዘይት ከነካው ሰውነት ቫይታሚኑን በቀላሉ ይወስደዋል። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት ጎመንን የድኻ መጽናኛ አስመስሎታል፤ እኔ ብሆን «ጤና በጎመን» ባልሁ ነበር። የቤት ሥራውን ላልሠራው ግን በጎመኑ ውስጥ ያገኘሁለት መድኃኒት የለም።